ያልረጋው ደም

ሰኞ፣ ግንቦት 4። ከዙህር በኋላ

ዋሸሁ። ደብተሬ፣ ለአንተ ልናገር፤ ሌላ የምነግረው የለኝም። የጥርስ ወንበሩ ላይ አፌን ከፍቼ ጋደም ብያለሁ። ዶ/ር ሂክማ የምወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቀችኝ። የለም አልኩ። ልብህስ? አለችኝ። ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ለውሸቴ አልሐምዱሊላህ ጨመርኩበት። ከሁሉ ይሄ ነው የከነከነኝ።

መድኃኒትማ አለኝ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኪኒን። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በየወሩ ሐረር ሆስፒታል እሄዳለሁ፣ ደሜን ይለካሉ፣ ኪኒኑን ይሰጡኛል። ልቤ ሲመታ ይዘላል አሉኝ፤ ደም እዚያ ይረጋና ወደ ጭንቅላት ይሄዳል። አንዴ ሞክሮኝ ነበር። የስፌት መኪናዬ ላይ እየሰፋሁ ግማሽ ፊቴ ደነዘዘ፣ መርፌው ጣቴን ወጋኝ፣ አልተሰማኝም። ደሙን በጨርቁ ላይ አይቼ ነው ያወቅኩት።

ሰፈሩ ግን ሐረር የምሄደው ለዚያራ፣ የወሊዮችን መቃብር ልጎበኝ ነው ይላል። እኔው ነኝ ያልኩት። ሚኒባስ ስጠብቅ አብሮኝ የሚሰፋው ጀማል አገኘኝ፣ ወዴት ነው ሲለኝ፣ ለዚያራ አልኩት። በቃ። ከዚያ ወዲህ ወሬው በራሱ እግር ይሄዳል። ሰው ዱዓ አድርግልኝ ይለኛል። የሱቋ ፋጡማ ለልጇ፣ ጀማል ለጉልበቱ። ልጄ ሰሚራ እንኳ ከአ.አ. ደውላ፣ አባ ለእኔም ትላለች። ዱዓውን አደርጋለሁ። የሆ/ሉ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ተራዬን እየጠበቅኩ፣ አንድም ስም ሳላስቀር። ዱዓው እውነት ነው። ቦታው ውሸት።

ሂክማ የሰሚራ የት/ቤት ጓደኛ ናት። እቤታችን ስንት ቀን በልታለች። ለእሷ ከነገርኩ ወሬው ማታውን አዲስ አበባ ይገባል ብዬ ፈራሁ። ሰሚራ እናቷ ከድጃ ከሞተች ጀምሮ አንድ ነገር ነው የምትለው፤ የታመምክ ዕለት መጥቼ እወስድሃለሁ፣ ክርክር የለም። ስለዚህ አልታመምኩም።

ጥርሱ ወጥቷል። የታች መንጋጋ፣ በቀኝ። ክር ሲበጥስ የኖረ ጥርስ ነው። መቀሱ እጄ ላይ እያለ በጥርሴ። ከድጃ፣ አላህ ይርሐማት፣ ልብሱን ትሰፋዋለህ ወይስ ትበላዋለህ ትለኝ ነበር።

ሂክማ ፋሻ ጠቅልላ አስነከሰችኝ። አጥብቀህ ንከስ፣ አትናገር። እስከ ነገ አትጉመጥመጥ፣ አትትፋ። ትኩስ ነገር እንዳትጠጣ። ጉንጭህ ላይ በረዶ ያዝ። ስትተኛ ትራስህን ከፍ አድርግ። ለሁሉም ራሴን ነቀነቅኩ። ፋሻው አሁንም አፌ ውስጥ ነው። ጨው ጨው ይላል።

ያው ቀን፣ ከመግሪብ በፊት

አላቆመም።

ለአስር ሶላት ውዱእ አደረግኩ። እንደ ሁልጊዜው ሦስቴ ተጉመጠመጥኩ። ውሃው ቀይ ሆኖ ወጣ። አትጉመጥመጥ ብላኛለች፣ አልረሳሁም። ግን በደም አፍ እንዴት ሰግጄ እቆማለሁ? ደም ነጃሳ፣ ርኩስ ነው። መዋጥም አልችልም። እተፋለሁ። በቀለም ቆርቆሮ አሸዋ ሞልቼ አጠገቤ አደረግኩ። በተፋሁ ቁጥር አፌ ውስጥ አዲስ ሙቀት ይመጣል። ሙቀቱ ደስ አይልም። ምንጭ ያለው ይመስላል።

ኪኒኑ ትራሴ ሥር ነው። የዛሬውን ልዋጠው? ብውጠው ይፈሳል። ብተወው ይረጋል፤ የሚረጋው ግን የት እንደሆነ ማን ያውቃል? ድዴ ላይ ወይስ ጭንቅላቴ ውስጥ? ኪኒኑ አይመርጥም።

ዋጥኩት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5። ጠዋት

ትራሱ ቀይ። ደነገጥኩ፣ መስታወት ጋ ሄድኩ። ጉንጬ አብጧል። ጉድጓዱን በምላሴ ነካሁት። እንደ ጉበት ያለ ለስላሳ ነገር ተንጠልጥሏል። ሳልፈልግ ነካካሁት። ወደቀ። እንደገና ጀመረ።

ሱብሂ ላይ ተጉመጠመጥኩ። አዎ። አትቆጣኝ ደብተሬ።

ፋጡማ ሱቅ በረዶ ልገዛ ሄድኩ። አዴር ትለኛለች፣ በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው፤ ባሏ ጅቡቲ ይመላለሳል፣ እሷ ሱቁን ይዛ ሰፈሩን ታስተዳድራለች። ፊቴን ስታይ ጮኸች። «ያ አላህ! ማን መታህ አዴር?» ጥርስ ነው አልኳት በምልክት። በረዶውን በፌስታል አሰረችልኝ፣ የሻይ ቅጠል ከረጢትም ጨመረች፤ በቀዝቃዛ ውሃ አርሰህ ንከሰው፣ እናቴ እንደዚህ ነበር የምታደርገው አለች። ብር ልሰጣት ስል እጄን ገፋችው። ከዚያ እየሳቀች፣ «ሐረር ድረስ ሄደህ ለሰው ሁሉ ዱዓ ታደርጋለህ፣ ለጥርስህ አንዴ ብትልለት ምን ነበረበት?»

ሳቅኩ። ስስቅ ደም ከንፈሬ ላይ መጣ። ዞርኩ።

የሻይ ቅጠሉን ነክሼ ተቀመጥኩ። መራራ ነው፣ ድድ ይጨብጣል። ትንሽ ያዘልኝ። እስከ ዙህር ውዱእ።

ማክሰኞ። ከኢሻ በኋላ

ኪኒኑን ዛሬ ተውኩት። ማንንም ሳልጠይቅ። ማንን ልጠይቅ? ብጠይቅ ይታወቃል።

አሁን ግራ እጄ የከበደ መሰለኝ። ጣቶቼን ቆጠርኩ፣ ጨበጥኩ፣ ፈታሁ። የልብስ ሰፊ እጅ ነው፣ ሁልጊዜ ይከብዳል አልኩ። መስታወት ጋ ሄጄ ፈገግ አልኩ፣ ፊቴ በአንድ ወገን ይወርድ እንደሆነ ልይ። በአንድ ወገን አብጧል፣ እንዴት ይታወቃል? አንድ ሽማግሌ በቤቱ ብቻውን መስታወት ፊት ቆሞ ደም ባለው አፉ ፈገግ ይላል። ከድጃ ብታይ ትስቅ ነበር። ከዚያ ታለቅስ ነበር።

ሰሚራ ደወለች። አላነሳሁም። ድምፄ ያሳብቅብኛል። መስጊድ ነኝ ብዬ ጻፍኩላት። ስጽፍላት አልጋዬ ላይ ነበርኩ።

አስተግፊሩላህ። ጥርስ ሳስነቅል ውሸቱ አብሮ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። እየበዛ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6። ከዙህር በኋላ

መስጊድ ሄድኩ፣ አልቀርም ብዬ። ቧንቧው ጋ ቁጭ ብዬ ስጉመጠመጥ ሼህ ዑስማን አጠገቤ ነበሩ። ውሃውን አዩት። ሁለተኛውን ሳነሳ እጄን ያዙኝ። ምንድን ነው አሉ። ጥርስ አልኩ። ሐኪሙ አትጉመጥመጥ አላለህም? ብላኛለች። «ታዲያ አንተ ከማን ጋር ነው እልህ የተጋባኸው?»

አፍ ማጠብ በእኛ ዘንድ ሱና ነው፣ ግዴታ አይደለም፣ የሚጎዳህ ከሆነ ትተወዋለህ አሉኝ። ፊትህን እጠብ፣ እጅህን እጠብ፣ ስገድ። እያወቅክ አትዋጥ፣ ሳታውቅ የወረደው አይያዝብህም። አፍህን በፋሻ ጠርገህ ግባ። እንዲህ ቀላል። ሕፃን እያለሁ የተማርኩት ነገር ነው እኮ። መልካ ጀብዱ የነበረው መምህራችን ሱናውንና ግዴታውን ለይተን እንድንጠራ ያደርገን ነበር። አውቀው ነበር። ግን ማን ፈቀደልኝ ብዬ ልተወው?

ሼሁ ሲሄዱ ዞር ብለው፣ አላህ ያቀለለልህን አንተ አታክብደው፣ አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ስለ ውዱእ ነው የተናገሩት። እኔ የሰማሁት ግን ስለ ሌላው ነው።

እንግዲህ ሁለት ቀን ሙሉ በገዛ እጄ ሳስነሳው ነበር። ለንጽሕና ብዬ።

ረቡዕ። ማምሻውን

ሳልጉመጠመጥ ሰገድኩ። ሳልተፋ ዋልኩ። ቀነሰ። ቀነሰ እንጂ አላቆመም። ፋሻውን ሳነሳው ሮዝ ነው፣ ከዚያ ቀይ። የሌላ ሰው ቢሆን እስካሁን ይቆም ነበር። ምክንያቱን አውቃለሁ። ትራሴ ሥር ነው ያለው።

ሾርባ አቀዝቅዤ ጠጣሁ። አጥንቴ ድረስ ደክሞኛል። ሙቀቱ ደግሞ አለ፣ ግንቦት ነው፣ የጣራው ቆርቆሮ ከላይ ይተኩሳል። አልጋዬን ግቢ አወጣሁት።

አዲስ አበባን አሰብኩ። ከድጃ ከሞተች በኋላ አንድ ወር ሰሚራ ጋ ተቀምጬ ነበር። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ልጄ አክብራኛለች፣ ባሏም አክብሮኛል። ጠዋት ሁለቱም ሥራ ይወጣሉ። ቁልፍ ሰጥተውኛል፤ ግን የት ልሄድበት? መስኮቱ የሚያሳየው ሌላ መስኮት ነው። ደረጃው ላይ የሚያገኘኝ ሰው፣ አባት እንደምን አደሩ ብሎ ያልፋል። ሙሳ የሚለኝ የለም። እዚህ መጋላ ውስጥ ሕፃኑ ሳይቀር ሙሳ ሰፊው ይለኛል። አንዳንዱ ሐጂ ይለኛል፣ ሐጅ ሳልሄድ። ይሄም ከዚያራው ወሬ የመጣ ነው መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ልጻፈው።

ጠዋት ሥራ ገባሁ። እኔና ጀማል በረንዳው ላይ መኪናዎቻችንን ጎን ለጎን አድርገን ሠላሳ ዓመት ሰፍተናል። ከመቀመጤ ጀመረኝ። «አቦ ሙሳ! መቀስ ግዛ እንግዲህ፣ በድድ ክር አይበጠስም!» ይስቃል፣ ራሱ ሁለት ጥርስ ነው የቀረው። ዛሬ መልስ አልሰጠሁትም። ደነገጠ መሰለኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። ትኩስ አይሆንም አልኩት። አስቀምጦ አቀዘቀዘልኝ፣ በጆሮዬ እፍ እፍ ሲል እሰማዋለሁ።

የሙሽራ ድሪያ ነው የምሰፋው። ነጭ፣ ስስ ረጅም ቀሚስ። ጎንበስ ስል አንድ ጠብታ ወደቀ። ጨርቁ ላይ። ከዚያ ሁለተኛ።

የእኛ ሥራ ሰው ያውቀዋል፤ መርፌ ወግቶህ ደም ጨርቅ ላይ ቢወድቅ፣ በራስህ ምራቅ ቶሎ አሽተው፣ ይለቃል። የሌላ ሰው ምራቅ አይሠራም ይባላል። ዕድሜዬን እንደዚያ አድርጌያለሁ። ጣቴን ምላሴ ላይ አድርጌ ጠብታውን ነካሁት። ባሰ። ቦታው ሰፋ። ምራቄ ራሱ ደም ነው።

እሱን ሳይ ጨለመብኝ። መኪናውን ያዝኩ። ጀማል ተነስቶ ደገፈኝ፣ ድሪያውን ከእጄ አወጣው፣ የባልዲ ውሃ ውስጥ ነከረው፣ ሳሙናም ጨውም ጨመረበት፤ ይሄን ሁሉ ሲያደርግ እየሰደበኝ ነው። ሦስት ቀን ነው ደምህ የሚፈሰው አንተ ጅል? ለምን አትናገርም? ባጃጅ ጠራ። ክሊኒኩ እስካለበት ከዚራ ድረስ ትከሻዬን ይዞኝ ሄደ። ክሊኒኩ በር ላይ ልግባ አለኝ። ውጪ ጠብቅ አልኩት። ተቀየመ። ይቀየም።

ገባሁ። ሂክማ ፋሻውን አወጣችና ፊቷ ተለወጠ። አባ ሙሳ፣ ይሄ ትክክል አይደለም፣ እስካሁን መቆም ነበረበት፤ የምትወስደው ነገር የለም ብለኸኛል አይደል?

ጣሪያውን አየሁ። ማራገቢያው ይዞራል። ጠዋት ከትራሴ ሥር አንስቼ ኪሴ የከተትኩትን ኪኒን አውጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩት። መናገር አልቻልኩም፣ አፌ ውስጥ እጇ ነው።

አነበበችው። እጇን አወጣች። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የምትጮህ መስሎኝ ነበር። አልጮኸችም። ይሄን ሰኞ ብታሳየኝ ኖሮ ደምህን ሳላስለካ አልነካህም ነበር አለች። ከመቼ ጀምሮ ነው? ነገርኳት። እየወሰድከው ነው? ማክሰኞ አቆምኩት። ማን አቁም አለህ? እኔ። ይሄኔ ተቆጣች። «ድድህን ለማዳን ብለህ ጭንቅላትህን? አባ ሙሳ፣ ወላሂ አባቴ ብትሆን እመታህ ነበር!»

ደም ወሰዱልኝ። ሐረር ደውላ ሐኪሞቹን አገኘቻቸው። አደንዝዛ ጠርጋ ሰፋችልኝ። ሁለት ቦታ። ክሩ ጥቁር ነው። ስትቋጥረው እጇን አየሁ፣ ጥሩ ቋጠሮ ነው፣ መቀስ ነው የተጠቀመችው። መድኃኒት የነካ ፋሻ አስነከሰችኝ። ከእንግዲህ ኪኒኑን የሐረር ሐኪሞች ባሉት ቀን፣ ባሉት ልክ ውሰድ አለች፣ ከራስህ አንድም ነገር እንዳታደርግ። ሕመሙ ቢበዛ ፓራሲታሞል ብቻ፤ አስፕሪን የሚባል እንዳትነካ። ማታ ደሙ ቢመለስ ቀጥታ ወደ እኔ ደውል፣ ሰዓት አትይ። ስልኳን በወረቀት ጻፈችልኝ።

ልወጣ ስል በሩን ይዤ ቆምኩ። ለሰሚራ እንዳትነግሪያት አልኳት። በደነዘዘ አፍ፣ እንደ ሰካራም። ገባት። የበሽተኛ ነገር ነው፣ ለማንም አልናገርም፣ ለእናቴም አልናገርም፤ ሰኞም ብትነግረኝ አልናገርም ነበር አለች።

ሰኞም ብነግራት።

አርብ፣ ግንቦት 8። ከጁምዓ በኋላ

ቆመ። ፋሻው ነጭ ነው ማለት ይቻላል። በቀዝቃዛ ወተት ዳቦ አርሼ በግራ በኩል በላሁ። ትራሴ ንጹሕ። ጀማል ጠዋት መጥቶ ደሙ ከድሪያው ለቀቀ፣ ምልክትም የለው፣ አንተ ግን እንዲህ ነጭ ሆነህ አታውቅም አለኝ። ዕርቅ ነው ይሄ።

ማረፍ ነበረብኝ። አላረፍኩም።

ማንም አያውቅም እኮ አሁንም። ሂክማ አትናገርም። ጀማል የጥርስ ነገር ነው ብሎ ያምናል። የሚቀጥለው ወር ሚኒባስ ይዤ በደንገጎ ወጥቼ ሐረር እገባለሁ፣ ደሜን ያዩታል፣ እመለሳለሁ፤ ፋጡማ ተቀባይነት ያለው ያድርገው ትለኛለች። እንደ ድሮው። የሚከለክለኝ የለም። ይሄ ነው ያስፈራኝ። እስካሁን የሰው ወሬ ነው ያሰረኝ እል ነበር። ሰው ሁሉ እጁን አነሳ፣ እኔ ግን እዚያው ነኝ።

ሱጁድ ላይ ሆኜ ራሴን ጠየቅኩ። ሙሳ፣ ምንህን ነው የደበቅከው? በሽታውን? በሽታ ነውር አይደለም። የሆ/ሉ አግዳሚ ላይ ስንቱን በሽተኛ አይቻለሁ። ታዲያ ምን?

እውነቱ ይሄ ነው። ሰሚራ፣ አባ ና ከእኛ ጋር ኑር ስትለኝ አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብያት አላውቅም። ኢንሻአላህ እላታለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ኢንሻአላህ። እሷ እሺ ነው ብላ ትሰማዋለች፤ ለእኔ ክፍሉን አዘጋጅታ፣ መጋረጃ ገዝታ፣ ፎቶውን ልካልኛለች። እኔ ግን በልቤ እምቢ እያልኩ ነው። የአላህን ስም ለእምቢታዬ መሸፈኛ አደረግኩት። ልጄን ፊት ለፊት እምቢ ከምላት መታመሜን መደበቅ ቀለለኝ። በሽታው ከታወቀ መልስ መስጠት ሊኖርብኝ ነው። የሸሸሁት መልሱን ነው።

ደም ነው ያደከመኝ ብዬ ነበር።

አርብ። ከአስር በኋላ

ደወልኩ። ግቢ ወጥቼ፣ ቆሜ። ብቀመጥ እተወዋለሁ ብዬ።

ገና ሄሎ ከማለቷ ድምፅህ ምን ሆነ አለች። ጥርስ ተነቀልኩ አልኳት። ውይ አባ! ለምን አትነግረኝም? ቆይ፣ ጥርሱ አይደለም፣ ዝም ብለሽ ስሚኝ አልኳት። ሰሚራ ዝም ማለት አትችልም፣ ከእናቷ ነው። ዛሬ ግን ዝም አለች።

ልቤን ነገርኳት። ኪኒኑን። ሐረርን። ለዚያራ ሳይሆን ለሆ/ል እንደነበር። የደነዘዘውን ፊቴንም አልተውኩም። ሁለት ዓመቱን በሙሉ። ስጨርስ ጮኸች። የፈተናዬ ጊዜ፣ የእርግዝናዬ ጊዜ፣ አባ እዚያ ሆኖ ዱዓ እያደረገልኝ ነው ብዬ ነበር የተኛሁት አለች። አድርጌያለሁ አልኳት። ከየትም ይሁን አድርጌያለሁ። አለቀሰች። ላጽናናት አፌን ስከፍት ስፌቱ ይወጠራል።

ትንሽ ቆይታ አፍንጫዋን ጠረገችና ድምፅዋ ተለወጠ፣ የሥራ ድምፅ። እሑድ እመጣለሁ፣ ዕቃህን አዘጋጅ፣ ሻንጣው ቁም ሳጥኑ ላይ ነው፣ መኪናህን ጀማል ይሸጥልህ፤ አሁን ክርክር የለም፣ እሺ አባ?

ምላሴ ላይ መጣች። ያቺ የለመድኳት ኢንሻአላህ። ከንፈሬ እስኪከፈት ደረሰች።

ዋጥኳት። ነይ አልኳት፣ እሑድ ነይ፤ ሐረር አብረሽኝ ሂጂ፣ ሐኪሞቹን ራስሽ ጠይቂያቸው፣ ሲያዙኝ ስሚ፣ የፈለግሽውን ያህል ተቆጪኝ። አዲስ አበባ ግን አልሄድም፣ ልጄ። ሄጄ መኖር አልፈልግም። ስላልወደድኩሽ አይደለም። እዚህ ነው የምኖረው።

ታዲያ ይሄን ለማለት ሦስት ዓመት ፈጀብህ? አለችና ዘጋችብኝ።

ተቆጥታለች። ትቆጣ። ነገርኳት። ሁለቱንም፣ በአንድ ስልክ፣ በራሴ አፍ።